አዲሱ ዊንዶውስ ሲገባ የአባት ደብዳቤ ወዴት ይሄዳል?

ኮምፒውተርዎን ከማሻሻልዎ በፊት የቤተሰቡን ሰነድ ያድኑ

በብዙ ቤቶች ኮምፒውተር ጥግ ይዞ የተቀመጠ ተራ ዕቃ ይመስላል እንጂ የቤተሰቡን ግማሽ ኑሮ ተሸክሟል። የሠርጉ ፎቶ እዚያ አለ። የልጆቹ የክርስትና ቪዲዮ፣ የእናት የሱቅ ሒሳብ፣ አባት በጸሐፊነት የሚይዙት የዕድር መዝገብ፣ የታላቋ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስካን ተደርጎ የተቀመጠው የቤት ካርታ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ የምናስታውሰው ግን አንዱ አልከፈት ያለን ዕለት ነው።

ያ ዕለት ብዙ ጊዜ በመልካም ዜና ተጠቅልሎ ይመጣል። ከቤቱ ልጆች አንዱ "አዲሱን ዊንዶውስ ልጫንላችሁ" ይላል፤ ይጭናልም። ስክሪኑ ያምራል፣ ሁሉም ይመርቀዋል። በማግስቱ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ይላል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ሊከፈት ብልጭ ይልና ይዘጋል። አባት ከዓመታት በፊት የጻፉት ደብዳቤ ሲከፈት ደግሞ በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይወጣል።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የሆነው ነገር ባለሙያዎች "የተኳኋኝነት ችግር" የሚሉት ነው። በቀላል አማርኛ፣ አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ፕሮግራም፣ ከአሮጌው ዕቃ ወይም ከአሮጌው ሰነድ ጋር አልተስማማም። ደስ የሚለው ነገር ይህ ችግር በአብዛኛው አስቀድሞ ሊታወቅ፣ አስቀድሞም ሊከለከል መቻሉ ነው።

ጥያቄው ለምን አሁን መጣ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ በፊትም ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል።

ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም። ይነሳል፣ ይጻፍበታል፣ ፊልም ይታይበታል። የሚቀረው ነገር ቫይረስ ሠሪዎች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ኩባንያው በነጻ ይልከው የነበረው መድፈኛ ነው። የዚህ መድፈኛ ዋጋ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። "ዋናክራይ" የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ሲሠራጭ፣ የዊንዶውስ መድፈኛው ከወራት በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያልጫኑትና ድጋፉ በቀረ ሥርዓት ላይ የቆዩት ናቸው።

ዝም ብሎ መቆየትም ቢሆን ከአለመጣጣም አያድንም። የጎግል ክሮም ማሰሻ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አዳዲስ ስሪቶቹን ለዊንዶውስ 7 ማውጣት አቁሟል። ማሰሻው ሲያረጅ አዳዲስ ድረ ገጾች አንድ በአንድ እምቢ ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ ማሻሻሉ አይቀሬ ነው። ጥያቄው እንዴት ይደረግ የሚለው ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

አከራዩ ሲለወጥ

ዊንዶውስን የመሰለው ዋና ፕሮግራም "ሥርዓተ ክወና" ይባላል። እንደ ግቢ አከራይ ይቁጠሩት። ውሃውን፣ መብራቱንና የበሩን ቁልፍ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች፣ ማለትም የጽሕፈቱ፣ የሒሳቡ፣ የፎቶው፣ ተከራዮች ናቸው። አከራይ ሲለወጥ የግቢው ደንብ ይለወጣል። ትናንት በጓሮ በር ይገቡ የነበሩ ተከራዮች ዛሬ በሩ ተደፍኖ ያገኙታል።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ "ሲምሲቲ" የተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ ነው። ጨዋታው አንዲት የተደበቀች ስሕተት ነበረችበት፤ "ጨርሻለሁ" ብሎ ያስረከበውን የሜሞሪ ቦታ ወዲያው ተመልሶ ይጠቀምበት ነበር። በአሮጌው ሥርዓት ያንን ቦታ ቶሎ የሚይዘው ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም። ዊንዶውስ 95 ሲዘጋጅ ግን ጨዋታው ይወድቅ ጀመር። የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች መፍትሔ ያደረጉት፣ ዊንዶውሱ ራሱ ሲምሲቲ መከፈቱን ሲያውቅ የተለቀቀውን ቦታ ለሌላ ለመስጠት እንዳይቸኩል የሚያደርግ ልዩ ትእዛዝ ማስገባት ነበር። ለአንድ ተከራይ ሲባል የግቢው ደንብ ተለወጠ ማለት ነው።

ለታወቁ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ቸርነት ይደረጋል። በአገር ውስጥ የተሠራ የክሊኒክ ካርድ መዝጋቢ ወይም የትምህርት ቤት ውጤት ማውጫ ግን ይህን የሚያደርግለት የለም። እሱን የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ወሰኖችም አሉ። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ነው። የ32 ቢት ፕሮግራሞች ይሠሩበታል፤ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ የ16 ቢት ፕሮግራሞች ግን ጨርሶ አይነሱበትም።

ፊደላችን ውስጥ የተደበቀው ችግር

ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የፊደሉ ነው። ሌላው ዓለም ብዙም የማያውቀው፣ በእኛ ቢሮና ቤት ግን ለዓመታት የተከማቸ ችግር ነው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ስሪት ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ "ሀ" የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ብልሃት ፈጠሩ። በፎንቱ ውስጥ ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተሰጠው ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ ሣሉበት። ቦታው ከ256 ስለማይበልጥና የእኛ ፊደል ከ300 በላይ ስለሆነ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ይሠሩት ነበር። እነ ቪዥዋል ግዕዝ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ለዓመታት ያስጻፉን በዚህ ብልሃት ነው። ባለውለታዎች ናቸው።

ብልሃቱ ግን ዕዳ ነበረው። በእነዚህ ፎንቶች በተጻፈ ሰነድ ውስጥ በእርግጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ኮድ ነው። አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲታደስና ፎንቱ አብሮ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቅና የውስጡ ትርምስ ይታያል። ሰነዱን በቴሌግራም ፎንቱ ወደሌለው ስልክ ሲልኩትም የሚሆነው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ ይሰርዘዋል። እባክዎ አይሰርዙ! ሰነዱ ምንም አልሆነም። ትክክለኛው ፎንት ተመልሶ ሲጫን ጽሑፉ እንደነበረው ይነበባል። ፎንቶቹ ራሳቸው በአዲሱ ዊንዶውስም ላይ በአብዛኛው ይጫናሉ፤ አልጫን ሊል የሚችለው ለዊንዶውስ 98 ወይም ለኤክስፒ ዘመን የተሠራው የመጻፊያ ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይነካ ሦስት ነገሮች ያድርጉ። መጀመሪያ፣ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" የሚለውን ይክፈቱና የአማርኛ ፎንቶቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ከሰነዱ እኩል ፎንቱን ማዳን የሚረሳ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን የት ይገኛል? ሁለተኛ፣ የማይተኩትን ሰነዶች፣ ለምሳሌ የቤተሰብ የትውልድ ሐረግን፣ ኑዛዜን፣ የማኅበር መዝገብን፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ እያሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚቀመጥ መልኩ አይለወጥም። ሦስተኛ፣ ወደፊት የሚሠሩባቸውን ሰነዶች በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ። ከተቀየረ በኋላ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። አራት ነጥብ፣ ቁጥርና ብዙም የማይዘወተሩ እንደ "ቋ" እና "ጓ" ያሉ ፊደላት በመሐል ሊሳሳቱ ይችላሉ።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ከቪስታ ጋር የመጣው "ንያላ" ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ እንደ አማራጭ የሚጨመር ሆኗል። በንያላ የጻፉት ሰነድ በአዲሱ ኮምፒውተር በሌላ ፎንት ሊታይ፣ ገጹም ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ቃሉ ግን አይጠፋም። ንያላን የሚፈልግ ሰው በሴቲንግስ ውስጥ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ከሚለው ገብቶ "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን መጨመር ይችላል። ለመጻፍ ደግሞ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማን የተባለውም በነጻ ይገኛል።

የሱቁ ሒሳብና የቢሮው ፕሪንተር

በአገራችን ብዙ ንግድ ቤት ሒሳቡን በፒችትሪ ይይዛል። ፕሮግራሙ በውጭ አገር ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ እኛ ጋ የ2010 እ.ኤ.አ. ስሪቱ ዛሬም በብዙ ጠረጴዛ ላይ አለ። ይህ ስሪት የተሠራው ለእነ ኤክስፒ፣ ቪስታና ዊንዶውስ 7 ነው። ከጀርባው "ፐርቫሲቭ" የሚባል የመረጃ ቋት ሞተር ስላለው፣ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ የተጫነ መስሎ ሞተሩ ካልተነሳ ኩባንያውን መክፈት አይችልም።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ከማሻሻልዎ በፊት በፕሮግራሙ በራሱ፣ "ፋይል" ከሚለው ውስጥ፣ የእያንዳንዱን ኩባንያ ባክአፕ ያውጡና ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ። የመጫኛ ሲዲው ወይም ፋይሉና የመለያ ቁጥሩ መኖሩን ያረጋግጡ። አዲስ ስሪት ከገዙም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አዲሱ ስሪት የአሮጌውን መረጃ ከፍቶ ወደ ራሱ ይቀይረዋል፣ ከተቀየረ በኋላ ግን በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም። የዓመት ሒሳብ መዝጊያ በሆነው ሰኔ ውስጥ ይህን መሞከር ራስን መፈተን ነው።

ፕሪንተርና ስካነርን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረው "ድራይቨር" የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እንደ አስተርጓሚ ይቁጠሩት። ለ32 ቢት የተሠራ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ጠንካራው አሮጌ ፕሪንተርዎ ደህና ሆኖ ሳለ አስተርጓሚ አጥቶ ሊቀመጥ ይችላል። የፕሪንተሩን የሞዴል ቁጥር ይዘው፣ ሠሪው ኩባንያ ለዊንዶውስ 11 ድራይቨር ማውጣቱን አስቀድመው ይዩ።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ያላቸው ደግሞ፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ክራኩ መሥራት ሊያቆም እንደሚችል ይወቁት። ያን ጊዜ ከማይታወቅ ቦታ ሌላ ክራክ ማውረድ ቫይረስን በገዛ እጅ ቤት ማስገባት ነው።

"ፎርማት" የምትባለዋ ቃል

እኛ ጋ "ዊንዶውስ ማሻሻል" እና "ፎርማት ማድረግ" እንደ አንድ ነገር ይነገራሉ። አንድ አይደሉም። በመደበኛው መንገድ ሲሻሻል ፋይሎችና ፕሮግራሞች በቦታቸው ይቆያሉ። ፎርማት ሲደረግ ግን ሲ ድራይቭ ተጠርጎ ይጸዳል።

ብዙ ሰው "ዲ ላይ ያለው አይነካም" ይባልና ይረጋጋል። ልክ ነው፣ ባለሙያው ከተጠነቀቀ ዲ አይነካም። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ፣ "ዶክመንትስ"፣ "ፒክቸርስ" እና "ዳውንሎድስ" የሚባሉት ፎልደሮችም ጭምር፣ ካልተዛወሩ በቀር የሚኖሩት ሲ ውስጥ ነው። ዓይናችን ሥር ያለው ዴስክቶፕ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ ያለው እሱ ነው። ለጥገና ቤት ሲሰጡ "ፎርማት አድርገው" ከማለትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

በመደበኛው መንገድም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች በመሰረዙ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አቁሞት፣ አስተካክሎ እንደገና የለቀቀው በኅዳር ነው። የደረሰባቸው ሰዎች ከጠቅላላው ጥቂት ነበሩ፤ የልጁን ፎቶ ላጣው አባት ግን ጥቂትነቱ አያጽናናውም።

በባዕድ አገር ላላችሁ የማክ ተጠቃሚዎች

የአፕል ኮምፒውተር ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። መስከረም 26 ቀን 2012 ዓ.ም. የወጣው "ካታሊና" የተባለው ሥርዓት የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ አስወጣቸው፤ ትናንት ይሠሩ የነበሩ አሮጌ የቢሮና የፎቶ ፕሮግራሞች በማግስቱ አልከፈት አሉ። ማኮች ግዕዝን የሚያሳይ "ከፋ" የሚባል ፎንት አላቸው። ሆኖም ዘመድ ከአዲስ አበባ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ከላከላችሁ ከፋ አይረዳችሁም። "እባክህ በፒዲኤፍ ላክልኝ" ማለት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ኮምፒውተርዎ ለአዲሱ ብቁ ነው?

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና "ቲፒኤም 2.0" የተባለ የደኅንነት መሣሪያ ይፈልጋል። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ትውልዱን ለማወቅ ከ"አይ 5" ወይም "አይ 7" ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ። 7200 ከሆነ ሰባተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አሥረኛ ትውልድ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ለሚዞር ሰው ይህች ቁጥር ከቀለሙና ከስክሪኑ ትበልጣለች። "ፒሲ ሄልዝ ቼክ" የተባለው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራምም ብቁ መሆን አለመሆኑን ይነግርዎታል።

ብቁ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ በአቋራጭ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ቀጣይ ማሻሻያዎችን ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ለመላክ ቃል አልገባም። ሌላ መንገድም አለ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ፣ በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ዊንዶውስ 10ን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያዘልቃል። ምዝገባው በሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ከሚለው ስር ይገኛል። ሰነድን በእርጋታ ለማሰባሰብ ጥሩ የእፎይታ ጊዜ ነው። ለኢንተርኔትና ለጽሕፈት ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሥርዓት ዕድሜውን ሊያራዝምለት ይችላል፤ ፒችትሪን የመሰሉ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን እንደ ልብ አይሠሩበትም።

ከመጫንዎ በፊት

• ቤተሰቡን ሰብስበው "እዚህ ኮምፒውተር ላይ የማን ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ። እናት የምታውቀውን ፎልደር ልጅ ላያውቀው ይችላል።

• የሚገለገሉባቸውን ፕሮግራሞች፣ ፕሪንተርና ስካነር በወረቀት ይዘርዝሩ። ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት "በአዲሱ ይሠራል ወይ?" የሚለውን መልስ ያስፍሩ።

• ሰነዱን ሁሉ፣ ፎንቱንም ጨምሮ፣ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። እጅግ የሚሳሱለትን በሁለተኛ ቦታም ያስቀምጡ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጥቂቱን ከፍተው ይዩ፤ ያልተፈተሸ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

• በማሰሻው ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ይጻፉ። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዲስኩን በራሳቸው ሊቆልፉት ስለሚችሉ፣ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ የሚቀመጠውን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፍ በወረቀት ይያዙ።

• ሥራ በሚበዛበት ሳምንት አይጀምሩ። መብራት ቢቋረጥ እንዳያስደነግጥ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን።

• ከተጫነ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ይሞክሩ። አንድ ሰነድ ያትሙ፣ ሒሳቡን ይክፈቱ፣ የአባትን ደብዳቤ ያንብቡ። አንድ ፕሮግራም እምቢ ካለ በአዶው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው "ፕሮፐርቲስ"፣ ቀጥሎም "ኮምፓቲቢሊቲ" በሚለው ውስጥ ለአሮጌው ዊንዶውስ እንደሚሠራ አድርገው ያስነሱት። ብዙ ጊዜ ይታረቃሉ።

• ካልሆነም፣ ፎርማት ሳይደረግ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 የተሻገረ ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል። ከ10 ቀን በኋላ አሮጌው ስለሚጠፋ ፈተናውን አያሳድሩት።

ዊንዶውስ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ ፕሮግራም ይገዛል፣ ፕሪንተርም ይተካል። አባት በገዛ እጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። በዚህ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መድበው ከልጆችዎ ጋር ሆነው ሰነዱን ለይተው ቢገለብጡ፣ ማሻሻያው መቼም ይምጣ መቼ፣ ቤትዎ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።